የቆረጥኩት ዘፈን

ጋምቤላ ውስጥ በማኅበረሰብ ሬዲዮ ዘፈን የምጋብዘው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የዜና ሰዓት ደረሰብኝና አንድ የአኝዋክ ዘፈን መሃሉ ላይ ቆረጥኩ። ዜናው ሳያልቅ አባባ ኦጁሉ የሚባሉ ሽማግሌ ከኒውላንድ ሰፈር በእግራቸው፣ ላብ በላብ ሆነው ስቱዲዮ ከች አሉ። "አንተ! ዘፋኙ የሰፈሬን ሰው በስም እየጠራ ሲያወድስ፣ እኔ ጋ ሊደርስ ሲል ዘጋኸው!"

"በቃ አባባ፣ ቅዳሜ ለትምህርት ቤቱ ዴስክ መግዣ ኮንሰርት አለን። እርስዎ ይዝፈኑት፤ ማንም አያቋርጥዎትም" አልኳቸው።

መድረክ ወጥተው ስም መጥራት ጀመሩ፤ ግማሽ ሰዓት አለፈ! ተረኛው ባንድ አፈጠጠብኝ። ቃሌን በልቼ ማይኩን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ፣ የእኔን ስም ጠርተው ያወድሱኝ ጀመር። ምን ልበላችሁ፣ መጀመሪያ "ይደገም!" ብሎ የጮኸው እኔ ነኝ።