ጨው ቅመሽልኝ

ነገሩ የተጀመረው በጠብ ነው። በ2010 ዓ.ም. መስከረም ሊወጣ ሲል፣ የገንዳ ውሃ መናኸሪያ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ በወረደ ሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ አለምነሽ ከሱዳን ድንበር የሚመጣውን መኪና ቆማ ትጠብቃለች። ዞር ብትል አንዲት ወጣት ስልኳን ደግና ሰዉን ትቀርጻለች። አለምነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች።

«አንቺ! ማን ፈቅዶልሽ ነው የምታነሺኝ? መልኬን ቸርችረሽ ልትበዪ ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ አንቱን ብዬ አልነበረም። ለአጨዳ ለሚወርደው ሰው ስለ ወባ የምነግርበት ቪዲዮ ነው።»

«ስለ ወባ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያ!»

«የምሠራውስ እዚያው ነው። ማስተዋል እባላለሁ። ሰው ጤና ጣቢያ የሚመጣው ከታመመ በኋላ ነው፤ ስልኩን ግን ገና ደጋ ሳለ ይከፍታል።»

በዚህ መሃል መኪናው ደረሰ። ሮጣ የሹፌሩን በር ያዘች።

«ሳጂድ! ምን ይዘህልኝ መጣህ?»

«ወላሂ እማ፣ ገዳሪፍ ሱቁን ሁሉ ጠየቅሁ። ምስራቅ የምትባል የሚያውቅ የለም።»

«ካርቱም ትሆናለቻ! ወደዚያ ለሚያልፍ ሰው ንገርልኝ።»

«ካርቱም ባሕር ነው እኮ። ለማን ብዬ ልንገር?»

ምስራቅ የአለምነሽ አንድያ ልጅ ናት። ለቤት ሠራተኝነት ሱዳን ከገባች አራት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ትደውል ነበር። ኋላ የአለምነሽን ስልክ ክረምት ውሃ በላው፤ የልጇም ቁጥር አብሮት ሄደ። ያን ጊዜ ኮኪት ነበረች፤ አሁን ገንዳ ውሃ መጥታ ለቀን ሠራተኞች ምግብ ትሸጣለች። ልጅ እናቷን ልፈልግ ብትልም የምታውቀው በር ተዘግቷል። እዚህ አገር ደግሞ ሰው የሚፈለገው በሹፌር አፍ ነው፤ ቃል ይሰጠዋል፣ ቃሉን ይዞ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል።

ማስተዋል ይህን ሁሉ ከሰው ሰማች። በማግስቱ አለምነሽ ምግብ ቤት መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ሳጂድ ሲተኛ የላኩት ቃልስ?»

«አብሮት ይተኛላ። ምን ሊያደርግ ኖሯል?»

«ቪዲዮ ግን አይተኛም። አንቱ ጓዳ ሆነው፣ ካርቱምም ገዳሪፍም ባንድ ጊዜ ይጠይቅልዎታል።»

አለምነሽ የያዘችውን ጭልፋ ወረወረችው። «ልጄ ጠፋች ብዬ አደባባይ ልውጣ? ላልሞተች ልጅ ሙሾ ላውርድ? በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አይጠራም፤ ሟርት ነው! አላደርገውም!»

«ማን አልቅሱ አለዎት? የሰው ልቅሶ የሚያይ ዛሬ አዝኖ ነገ ይረሳል። የሚጠቅመውን ያገኘ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ለጓደኛውም ይልካል። እስቲ ይንገሩኝ፣ ምስራቅ ከእጅዎ ምን ትወድ ነበር?»

አለምነሽ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ወይካ፣» አለች። ወይካ ደርቆ የተወቀጠ ባሚያ ነው፤ ወጡ ከማሽላ ገንፎ ጋር ይበላል። «እኔ የጨው ምላስ የለኝም፤ ወይ ይበዛብኛል ወይ ያንሰኛል። መዳፌ ላይ ጠብ አርጌ ‹ነይ፣ ጨው ቅመሽልኝ› እላት ነበር። እጄን እየላሰች ትስቃለች።»

«እንግዲያው የወይካ አሠራር ያሳዩ።»

«ሂጂ እዚያ! ወይካ የማያውቅ ማን አለና?»

«ሰው ቤት ተቀጥራ እናቷ ከጎኗ የሌለች ልጅ።»

ግትር ሰው የሚረታው ጮሆ ባሸነፈው ሳይሆን ልቡ ውስጥ ያለውን በነገረው ነው። አለምነሽ ጎንበስ ብላ ጭልፋዋን አነሳች። «አርብ ነይ። ፊቴን ግን አታንሺም፤ እጄን ብቻ።»

አርብ ቀን እጇ ተቀረጸ፤ ሽንኩርቱ፣ ቋንጣው፣ ወይካው። ርእስ ላይ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሳ።

«‹የቆላ ባህላዊ ምግብ ዝግጅት› ብለሽ ጻፊው፤ ወግ አለው፣» አለች አለምነሽ።

«ወግስ አለው። ስልኩ ግን የሚያመጣው የጠየቁትን ቃል የያዘውን ነው። ምስራቅ ወጡ ቢያስቸግራት ምን ብላ ትጠይቀዋለች?»

«‹ወይካው ጓጎለብኝ፣ ምን ላድርግ› ትላለቻ!»

«ርእሱ እሱ ነው። ከሥሩ ደግሞ ኮኪት እንላለን፤ እሷ የምታውቅዎ እዚያ ነው። ቪዲዮ የምትከፍትበት ካርድ የሌላት እንድታነበውም፣ አሠራሩን ቪዲዮው በሚወጣበት ገጽ ላይ በጽሑፍ አሰፍረዋለሁ።»

በሳምንቱ ማስተዋል ስልኩን አሳየቻት። ያዩት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ አይሞሉም።

«በይ እንግዲህ! ለዚህ ነው ሽንኩርቴን ያስጨረስሽኝ? ሳጂድ በስንት ጣዕሙ!»

«ሰሊጥ በታጨደ ማግስት ይራገፋል እንዴ እትዬ?»

«አበድሽ? ነዶው ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ ይቆማል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ሳይደርቅ ብትገለብጪው ምን ጠብ ይልልሻል?»

«ይህም ሂላ ነው። አርብ አርብ አንድ አንድ እያልን እናቁመው። ሰው ቀኑን ከለመደ ይጠብቀናል።»

አለምነሽ ሳቀች፤ በራሷ ሰሊጥ ተረታች። አርብም አርብን እየወለደ ሄደ። ገንፎ፣ የደረቀ ሥጋ፣ የማሽላ ቂጣ፣ ሁሉም በየተራው ተሠራ። ምድጃው እየሞቀ ሲሄድ ፊቷን መሸፈኑንም ተወችው። በየቪዲዮው መጨረሻ ግን ወጡን መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና እጇን ወደ ስልኩ ትዘረጋለች፦ «ነይ፣ ጨው ቅመሽልኝ።»

«ይህን ልቁረጠው፣» አለች ማስተዋል አንድ ቀን። «ወጡ ከወጣ በኋላ ተመልካች አይቆይም።»

«ሁሉን ቁረጪ። ይቺን ብትነኪብኝ ግን ደጄን እንዳትረግጪ!»

አልተቆረጠችም። ክረምቱ ሲገባ ተመልካቹ የሚቆየው ለእሷው ሲል ሆነ። ከፖርት ሱዳን፣ ከቤሩት፣ ከጅዳ ጓዳ ለጓዳ ያሉ ልጆች ይጽፋሉ፦ «እማ፣ ቀመስኩት፤ ጨው ትንሽ ያንሰዋል።» «የእኔም እናት እንዲህ ትል ነበር።» አንዲቷ የእናቷን ስም ጽፋ፣ «የምትኖረው አብርሃ ጅራ ከተማ ነው፣ የሚያውቅ ይንገርልኝ» አለች። አለምነሽ ሳጂድን ጠርታ ቃሉን ሰጠችው። የዚህን ጊዜ ቃሉ ስምም ቀበሌም ነበረው፤ እናትየውን ይዞ መጣ።

እናትና ልጅ በማስተዋል ስልክ ተያዩ። ሴትዮዋ ስልኩን ስትስም አለምነሽ ወደ ጓሮ ወጣችና የተደረደረ እንጨት አፍርሳ እንደገና ደረደረች።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ሳጂድ ደጅ ቆሞ ጠበቃት። «አሁንስ ከእኔና ከስልኩ ማን ይሻላል እማ?»

«ሁለታችሁም! አንተ የምታደርሰው ያገኘኸውን ሰው ነው። እሱ ያላገኘኸውን ይጠራልሃል። ልጅሽ የራቀችብሽ ሁሉ፣ አትፈሪ፣ እጅሽ የሚያውቀውን አሳዪ በልልኝ። ሙሾ አይደለም፤ ሙያ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ባለሙያ ይሆንበታል፣ የናፈቀው ይጽናናበታል፣ የጠፋውም መመለሻ መንገድ ያገኝበታል። እኔ ዓመት ሙሉ አፈርኩ፤ እናንተ አትፈሩ በላቸው።»

ከዚያ ወደ ማስተዋል ዞር አለች። «ዛሬ ከጻፉት ውስጥ ምስራቅ የሚል አለ?»

«ዛሬ የለም፣ እትዬ።»

ድስቱን ጣደች። ሽንኩርቱን መክተፍ ጀምራ ቢላዋዋን አቆመች።

«ማስተዋል፣ ያን ያህል ዘመን ሱዳን ኖራ አሁንም በእኔ አፍ ትጠይቃለች? እዚያ ወጡን ሙላህ ነው የሚሉት። የእኔን ቃል ረስታውም ይሆናል። ሙላህ ብለሽም ጻፊ።»

ማስተዋል ጻፈች፤ ስልኩንም ደገነች። ወይካው ሲበስል አለምነሽ ጠብታውን መዳፏ ላይ አድርጋ ዘረጋች።

«ነይ፣ ጨው ቅመሽልኝ።»

ማስተዋል መቅረጹን ብታቆምም አለምነሽ እጇን አላጠፈችም።