ጥቁር ነጠላና ቶርኖ

የእናቴን እልኸኝነት አታውቁትም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አላወርድም ብላ፣ ዘመድ ለምኗት፣ የንስሐ አባቷ ተቆጥተዋት እንኳ እምቢ አለች። ታዲያ ማኑፋክቸሪንግ የምማርበት ኮሌጅ ወላጆችን የጋበዘ ቀን፣ በቶርኖ ማሽን ብረት ስቀርጽ ልታየኝ ጠጋ ስትል መምህሬ ክው አሉ።

«እናቴ፣ ማሽኑ ነጠላውን ከያዘው ጠቅልሎ ይጎትትዎታል! ወይ ያውልቁት፣ ወይ ከበር ሆነው ይዩ።»

በቃ፣ ልትወጣ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችና አጠገቤ ቆመች። ሠርቼ እስክጨርስ ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም።

ስንመለስ አየር ጤና ታክሲ ስንጠብቅ ብርድ ሆነ። ነጠላውን አውጥቼ ላለብሳት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይው ልጄ፣ እዚያው ይቆይ።»