የፓይለቱ ቆብ

ቴሌግራም ላይ የሚሸጡ የድሮ የአየር ኃይል ልብሶችን እውነተኛነት የምመረምር እኔ ነኝ፤ ሐረር ላይ ሌላ ሞኝ የለም። ባለፈው አንዲት እናት ከጀጎል መጥተው በነጠላ የጠቀለሉትን ቆብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ ትቶልኝ የሄደው ነው። ፓይለት ነበር። እኔ ስሞት ከሚጥሉት የሚያውቀው ሰው ይግዛው» አሉኝ።

ገና ሳየው አወቅኩት። አናቱ ላይ ወፍራም ትራስ የተሰፋበት ቆብ የታንከኛ እንጂ የፓይለት አይደለም። ልናገር ስል፣ «ሰማይ ላይ የሞተ አይሰቃይም ይላሉ። የጎረቤቴ ልጅ ታንክ ውስጥ ነው የተቃጠለው» አሉ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «እውነተኛ ነው አይደል?» ሲሉኝ፣ «እውነተኛ ነው እማማ» አልኩ።

የቆቡን ፎቶ ቴሌግራም ላይ አልለጠፍኩትም። ብለጥፈው አንዱ አዋቂ ከሥሩ «የታንከኛ ነው» ብሎ መጻፉ አይቀርም። እማማ አሁንም እየደወሉ፣ «ሰው አልወደደውም እንዴ?» ይሉኛል።