ሁሉን በተራ ያደረጉት የጋሽ ቅደም ተከተል ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናችኋል። ይህን ዜና ሕይወት የጻፈችውም የምታነበውም የሟች ታናሽ እህት ናት። ሟች በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ጽሑፉን ከእጇ ነጥቀው፣ «ሰው ከልደቱ አይጀመርም፤ መጀመሪያ አንድ ለስለስ ያለ ነገር አስቀድሚ» እያሉ ከላይ እስከ ታች ያተራምሱት እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይሁን እንጂ ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሁሉም ነገር ተራ ሲያሲዙ የኖሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ዛሬ ለአንድ ቀን እንኳ ተራው የእህታቸው ይሁንና ከልደታቸው እንጀምራለን።

ሟች ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከሰዓት መጠገኛው ሱቅ በስተጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እናታቸው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በቀኑ ሲያዋልዱ፣ የራሳቸው የበኩር ልጅ ግን ከተባለለት ቀን ሁለት ሳምንት ዘግይቶ መምጣቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይቅር ሳይሉት ኖረዋል። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት በሆነበት ቤት አድገው አንድም ቀን በሰዓቱ የትም አለመድረሳቸው ለአባታቸው የዘወትር ራስ ምታት ነበር፤ አባታቸውም ቢሆኑ አንዴ አይሆንም ካሉ ተራራ ቢናድ የማይመለሱ ሰው ስለነበሩ፣ ይህንኑ ግትርነት ለሁለቱም ልጆቻቸው ሳያዳሉ እኩል አውርሰዋል። ይህ ውርስ በኋላ ምን እንዳመጣ በቦታው ይነገራል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው በንባብ አንደኛ፣ በቀረው ሁሉ እንደነገሩ ሆነው ተማሩ። ሰባተኛ ክፍል ሳሉ ትምህርት ቤቱ የሸክላ ማጫወቻ ሲገዛ በዕረፍት ሰዓት ሙዚቃ የሚከፍት ተማሪ ተፈልጎ እሳቸው ተመረጡ፤ ሦስት ወርም በጥሩ ሁኔታ ካገለገሉ በኋላ፣ የፈተና ውጤት በሚሰጥበት ቀን ወላጆች ግቢውን ሞልተው ሳለ ሆን ብለው የለቅሶ ዜማ በመክፈታቸው ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ርእሰ መምህሩ ጠርተው ሲቆጧቸው፣ «ውጤቱን እኮ አይቼዋለሁ» ብለው እንደመለሱ እናታቸው ሲያወሩ ኖረዋል።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በከተማው ቤተ መጻሕፍት በመዝጋቢነት ተቀጥረው ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። የተሰጣቸው ሥራ መጽሐፍ መመዝገብ፣ ቁጥር መለጠፍና መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ልብ ወለድ በመጣ ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብበው፣ ከዚያ ማታ ማታ ቴፕ ፊት ተቀምጠው፣ ለመጽሐፉ የሚስማሙ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዘፈኖች መርጠው፣ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ መሰማት እንዳለበት እያወጡ እያወረዱ ሳምንት ከፈጁ በኋላ፣ ዝርዝሩን በታይፕ ጽፈው ከኋላ ሽፋኑ በምትገኘው የካርድ ኪስ ውስጥ ይከቱት ነበር። በዚህ ምክንያት አዲስ መጽሐፍ አንባቢ እጅ የሚገባው አርጅቶ ነው እየተባለ ተቀልዷል። ጋሽ ቅደም ተከተል የሚለውን ስም ያወጡላቸውም የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ቆጥረውት በደብዳቤ ግርጌ ሳይቀር ይጽፉት ነበር።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄያቸው መካከል ግን አንድ ሕፃን የማይሳሳተውን ስሕተት ሠርተዋል። ዝርዝሩ የመጽሐፉን ታሪክ ተከትሎ የሚሄድ በመሆኑ የመጨረሻው ዘፈን የመጽሐፉን መጨረሻ ይናገራል፤ ዘጠኝ የፍቅር ዘፈን ተደርድሮ አሥረኛው ሙሾ ከሆነ ባልየው እንደሚሞት የማይገባው ማን ነው? አንዲት መምህርት መጽሐፉን ጠረጴዛቸው ላይ ወርውረው፣ «እኔ ገና ገጽ ሠላሳ ላይ ነኝ፤ እርስዎ ቀብረውት ጨርሰዋል!» ብለው የጮኹት ጩኸት ንባብ ክፍሉን ለአንድ ሳምንት ሲያስቅ ሰንብቷል። ኃላፊያቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢጽፉላቸው፣ ጥፋቱ የዘፈኑ ሳይሆን ዝርዝርን ከግርጌ ጀምሮ የሚያነብ ሰው እንደሆነ በሦስት ገጽ አስረዱ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻዋን መስመር አጥፈው በሙጫ እየለጠፉ፣ «ገጽ ሁለት መቶ ሳይደርሱ እንዳይከፍቱ» የሚል ይጽፉባት ጀመር፤ የከተማው ሰው ሁሉ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንሥቶ በሩን ሳይወጣ መጀመሪያ የሚገነጥለው እሷን ሆነ። ኃላፊው ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ፤ ፀጉራቸውን ያሸበተው ዕድሜ ብቻ እንዳልሆነ ምስክር ናቸው።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በዳቦ ነው። ባለቤታቸው ከቤተ መጻሕፍቱ ማዶ ዳቦ ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበር። ሟች በየቀኑ አንድ ዳቦ ለመግዛት እየሄዱ፣ ግማሽ ሰዓት ቆመው ሊጡ ሲቦካ፣ ሲድቦለቦልና እሳት ሲገባ ካዩ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ለዳቦ ቤቱ ካሴት ቀድተው አመጡ። ለማቡኪያው ፈጠን ያለ፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ዝግ ያለ፣ ለምድጃው ደግሞ የሚያስጨፍር ነበር። ሠራተኞቹ ወደዱት፤ ችግሩ ዝግ ያሉት ዘፈኖች ሲመጡ ከሊጡ ጋር እነሱም አብረው ዐረፉ። የማለዳው ሰልፍ መንገድ ተሻግሮ ቆሞ «ዳቦ የለም ወይ?» እያለ ሲጮኽ፣ ወይዘሮዋ ካሴቱን ይዘው ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ሊሳደቡ ሄዱ። ተሳድበውም አልወጣላቸው ኖሮ በማግስቱ ደግመው ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ዳቦ ይዘው ነበር የሄዱት።

ሟች ፍቅራቸውን የገለጡትም በአፋቸው አይደለም። አሥራ ሁለት ዘፈን በሁለት ፊት ቀድተው፣ በመጀመሪያው ፊት መተዋወቅና መናፈቅ፣ በሁለተኛው ፊት መለያየት፣ በመጨረሻም መታረቅና ጋብቻ አድርገው ካሴቱን ሰጧቸው። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ፊት ማዞሩን ግን ረሱት። ወይዘሮዋ ቤታቸው ገብተው ሲከፍቱት የተቀበላቸው ሁለተኛው ፊት፣ ያውም «በቃን፣ ይቅርብን» የሚለው ዘፈን ነበር። በነጋታው ዓይናቸው አብጦ መጥተው፣ «ሳንጀምር ነው እንዴ የምንለያየው?» አሏቸው። ሟችም በሕይወታቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ዝርዝር፣ በደረቁ «ኧረ አግቢኝ ነው ያልኩሽ» ለማለት ተገደዱ። በዓመቱ ተጋቡ። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ሲኖሩም ባለቤታቸው ምጣድ ላይ ያለ ነገር እስኪያር በሚያቆማቸው በሟች «አንዴ ስሚልኝ» ስንት ጊዜ እንደተማረሩ፣ ስንት ጊዜም አርሮም ቢሆን እንደሰሙ እሳቸው ብቻ ያውቃሉ።

ከዚህ ትዳር አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ልጅቱ በተወለደችበት ቀን አባቷ እሹሩሩ ሲመርጡ ዘግይተው፣ ከሆስፒታል ታቅፋ ያወጣቻት አክስቷ ናት። አሁን የመንገድ መሐንዲስ ሆና ለወላጆቿ ኩራት ናት፤ ቀጠሮም ታከብራለች።

አሁን ወደ እህታቸው እንመጣለን። እህታቸው የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስለምትሰፋ እጇ ከሥራ ቦዝኖ አያውቅም። ሟች በየሁለት ዓመቱ አንድ ዝርዝር፣ መጀመሪያ በካሴት፣ በኋላ በሲዲ፣ በመጨረሻም በፍላሽ እያዘጋጁ ይሰጧት ነበር። እሷም ተቀብላ ከቁልፍና ከዚፕ ጋር መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። «ሰማሽው?» ሲሏት፣ «ሰማሁት ወንድም ጋሼ፣ ቆንጆ ነው» ትላለች። ያልሰማችውን ሰማሁ እያለች ሃያ ዓመት ዋሽታቸዋለች። አንድ ጊዜ ሟች በስሕተት ባዶ ካሴት ሰጥተዋት ኖሮ፣ እሷ «በጣም ቆንጆ ነው፤ በተለይ መጀመሪያው» ባለች ማግስት የተቀዳውን ካሴት እቤታቸው አገኙት። ይህን ያወቀችው ከዓመታት በኋላ ከባለቤታቸው አፍ ነው፤ ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

የዛሬ ዓመት ግድም ሟች ሆዳቸውን መታመም ጀመሩ። ሐኪሙ መርምሮ ዕጢ አገኘና፣ «ትንሽ ናት፤ ቶሎ ከወጣች ብዙም አታሰጋም። ብቻ አትዘግዩ» አለ። አትዘግዩ የተባሉት እሳቸው! በዚያው ሰሞን ለእህታቸው ስልሳኛ ዓመት ልደት አዲስ ዝርዝር ጨርሰው ስለነበር፣ ቀዶ ጥገናው ይሁን በተባለ ጊዜ፣ «መጀመሪያ እኔና አንቺ ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። ሰባ ደቂቃ ነው። ከዚያ ወደፈለግሽው እሄዳለሁ» አሉ። እህታቸውም፣ «መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ዘፈን!» አለች። እሳቸው መጀመሪያ ዘፈኑ፣ እሷ መጀመሪያ ሐኪሙ ሲሉ አንድ ወር አለፈ፤ ሁለት ወር አለፈ። ባለቤታቸው ለመኑ፤ ልጃቸው አለቀሰች። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ደወለ። የዩኒፎርም ወቅት ደርሶ ስለነበር እህታቸው ሰባ ደቂቃ ከየት ላምጣ እያለች፣ በዚያው አፏ ግን ወንድሟን ጊዜ አባካኝ ስትል አራት ወር ሙሉ ቆየች። «ሁለታችሁንም አንድ ግትር አባት ነው የወለዳችሁ፤ ምን ይደረጋል» ያሉት ባለቤታቸው ናቸው።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህታቸው ተሸንፋ ስፌት ቤቱን ዘጋች፤ ለሰኞ ጠዋትም ሆስፒታል አልጋ አስይዛ ወንድሟን ወደ ስፌት ቤቱ ጠራች። በመቁረጫው ጠረጴዛ ዳር ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዝርዝሩ በልጅነታቸው እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ተባብለው ለሁለት የቀደዱትን መጽሐፍ፣ እሷ አሳርራው እሳቸው ጣፈጠኝ እያሉ የጨረሱትን የመጀመሪያ ወጧንና ሳታገባው የቀረችውን ሰው የያዘ ነበር፤ እሷም ይህን ሁሉ አስታውሰው በልባቸው እንደያዙት አታውቅም ነበርና ሦስተኛው ዘፈን ላይ አለቀሰች። ሲያልቅ ግን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የዋሸችው በቃኝ ብላ ይሁን ወይም የአባቷ ልጅ ስለሆነች፣ «አራተኛዋ ግን እዚህ ምን ትሠራለች? ገና እያለቀስኩ እኮ ነው፣ ታስጨፍረኛለች» ብላ እቅጩን ነገረቻቸው።

ሟች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው በራ። «ልክ ነሽ! ልክ ነሽ! ሰምተሻል ማለት ነው!» እያሉ በስፌት መኪናዎቹ መካከል ይመላለሱ ጀመር፤ ከዚያም ፍላሹን ነቅለው ኪሳቸው ከተው፣ «ሁለት ሳምንት ብቻ ስጪኝ፤ አስተካክዬ አመጣልሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያውኑ እገባለሁ» አሉ። እህታቸው ጮኸች፤ ኮታቸውን ይዛ ጎተተች፤ ሰኞ ጠዋትም ታክሲ ይዛ ቤታቸው ድረስ ሄደች። አሻፈረኝ አሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቴፓቸው ፊት ተዝለፍልፈው ወድቀው ሆስፒታል ገቡ፤ ሆዳቸው ሲከፈት ነገሩ ከእጅ አምልጦ ነበር። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረው፣ ትላንት ጠዋት፣ ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና እህታቸው አልጋቸውን ከበው ሳለ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አራተኛዋ ዘፈን የት መግባት እንዳለባት ሳይወስኑ ነው የሄዱት።

ሟች ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ታናሽ እህታቸውንና፣ ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ተውሰው የልብ ወለድ መጨረሻ ቀድሞ የተነገራቸውን ቁጥር ስፍር የሌላቸው ወዳጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እህታቸው በሁሉም ፊት የምትናገረው ሁለት ነገር አለባት። አራት ወር ሙሉ አልሰማም በማለቷ ወንድሟን፣ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ይቅርታ ትጠይቃለች። ያን ቅዳሜ ስለተናገረችው ቃል ግን፣ ዝም ብትል ኖሮ ሰኞ ይገቡላት እንደነበር እያወቀች፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ሞክራ አልቻለችም፤ ወንድሟን በሕይወት ዘመናቸው እንደዚያ ሲደሰቱ አይታ አታውቅምና። ፍርዱን ለአምላክ ትተዋለች። እሱ የወንድሟን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ዕረፍት የማያውቁትን እሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ እኛንም ያጽናን።