ትኩሳቱ ሲለቅ

ሰፈርተኛው «ጋሽ ካውያ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ ቶሎ ይግላሉ፣ ቶሎ ይበርዳሉ። የዚያን ቀን ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። ኮቴን ልወስድ ስሄድ የሥራ ጋውኗን ልታሳጥር የመጣች ነርስ በራፉ ላይ ገጠመችኝና አብረን ገባን። እሳቸው ኮቴን እየተኮሱ ነበር።

«መምህር፣ የልጅ ልጄ ዳነችልኝ!» አሉኝ። «ያ ከትንኝ የሚይዘው ደንጊ ነው ተብላ ስትነድ ሰነበተች፤ ዛሬ ትኩሳቱ ለቀቃት። ይኸው፣ እንቅልፏን ትለጥጠዋለች።»

ልጅቷ ከስፌት መኪናው ጀርባ፣ ጨርቅ ላይ ተጋድማለች። እኔ «እንኳን ማራት» ብዬ ወንበር ሳብኩ። ነርሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ አንዴ ልያት?»

«ምኗን? የበረደ ካውያ ያቃጥላል እንዴ?»

«ደንጊ እንደ ካውያ አይደለም። ብዙ ጊዜ አደጋው የሚመጣው ትኩሳቱ ሲለቅ ነው። ሆዷን አሟታል?»

«ክፉኛ ትላለች። ልጅ መቼ ሆዴን ሳይል ቀርቶ ያውቃል!»

«ያስመልሳታል?»

«ያጠጣኋትን ሁሉ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ድዷም ደምቷል። የበሽታው ርዝራዥ መስሎኝ…»

«እስቲ እጇን ይንኩ።»

«በካውያ የደነደነ እጅ ምን ይሰማዋል?»

«እንግዲያው በጉንጭዎ።»

ጎንበስ ብለው መዳፏን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። ቀዝቅዛለች፣ ላብ አጥምቋታል። ስሟን ቢጠሩ ዓይኗን ገልጣ መልሳ ከደነች። እኔም ፈራሁ።

«እናቷ ከሥራ ስትመጣ…» ብለው ጀመሩ።

«እናቷ ሐኪም ቤት ትድረስብን። አሁኑኑ ነው የምንሄደው!»

ሽማግሌው ልጅቷን አቅፈው ወጡ። ካውያውን የረሱት ኮቴ ላይ ነበር። ጨርቁ ሲጨስ ደርሼ ሶኬቱን ነቀልኩና ተከተልኳቸው።

ሐኪም ቤት እንደደረስን ግሉኮስ ተሰቀለላት። ሐኪሙ «ሰውነቷ እየከዳት ነበር፤ በጊዜ ደርሳችኋል» ሲሉ ጋሽ ካውያ ሰው መሐል አለቀሱ።

ዛሬ ኮቴ ከነጠባሳው የሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እጠግነዋለሁ ቢሉኝ እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ልጅ ይዞ የመጣ ሁሉ ስለ ኮቱ ይጠይቃል፣ ጋሽ ካውያ ሳይመክሩትም አይወጣም፦ «ትኩሳቱ ለቀቀ ብለህ አትዘናጋ። ሆዱን ክፉኛ ካመመው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከደማ፣ ከተዝለፈለፈ ወይም ከተቁነጠነጠ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ሥራህን ጥለህ ወደ ሐኪም ሩጥ!»

የልጅ ልጃቸው ደግሞ ከመኪናው ጀርባ ብቅ ትልና ጠባሳውን በኩራት ታሳያለች፦

«አባባ እኔን ሲያነሣ ነው ያቃጠለው።»