የቀጠሮ ቀን ዳቦ

ሹፌር ነበርሁ። መኪናው ተገልብጦ ወገቤ ቢጎዳም የጉዳት ጡረታ ከለከሉኝ፤ ይግባኝ ብዬ በታኅሣሥ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ይግባኝ ሰሚዎቹ የሚቀመጡት በወር አንድ ቀን ነው። የቢሯቸው በረንዳ ላይ ስደርስ ክራንች የያዘው፣ ክንዱ የታሰረው፣ ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ድፎ ዳቦ ይበላል! ሠርግ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ለካ በየቀጠሮው አንዳቸው በተራ ዳቦ ያመጣል። አንድ እግራቸውን ያጡ የቡሬ ሰው፣ ጋሽ ይርሳው፣ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ ይኸ ነገር ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አልኋቸው።

አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ቆጠሩና፣ «አንተ ዳቦ የምታመጣው ሰኔ ላይ ነው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «እኔ ዳቦ ላበላ አልመጣሁም!» አልሁ። እሳቸው ምን ተዳቸው! ትልቁን ቁራሽ አስጨበጡኝ።

የኔ ጡረታ ግንቦት ላይ ተፈቀደ። ሰኔ ላይ ግን ሚስቴ የጋገረችውን ድፎ ተሸክሜ ከች አልሁ። ፀሐፊዋ ግራ ገባት።

«የእርስዎ ጉዳይ አልቆ የለም እንዴ?»

«አልቋል። ዛሬ ግን ተረኛ ነኝ።»

ጋሽ ይርሳው አሁንም እዚያው አግዳሚ ላይ ናቸው። ዳቦውን ስቆርስ አንዲት እጇ የተጎዳ ሴት ፋይሏን ታቅፋ መጣች።

«ወንድሜ፣ ይኸ ነገር ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ትልቁን ቁራሽ አስጨበጥኋትና አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር መቁጠር ጀመርሁ።