ቲጃኒ ለምን ውሃ ውስጥ ገባ?

አሰላሙ ዐለይኩም። የተከበራችሁ ሼኾችና አባቶች፣ እናቶቼ፣ የእድራችን ዳኛ፣ የጊንጆና የሰቶ ሰመሮ ጎረቤቶች፣ ከየቡ ድረስ በጭቃ የመጣችሁ ወንድሞች፣ የኮሌጁ ልጆች፤ አላህ ያጽናችሁ። እትዬ ዘይቡ፣ እናንተ ባልና አባት ያጣችሁትን፣ አንቺንና ልጅሽን ለጢፋን፣ ምን ብዬ ላጽናና?

የማታውቁኝ ካላችሁ ፍሬአብ እባላለሁ። ኮሌጁ ውስጥ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የቲጃኒ ጓደኛ ነኝ። ከቀብር መልስ ትንሽ ተናገር አሉኝ። ትንሽ መናገር አልችልም። ተቆጥቻለሁ። ፈርቻለሁም።

እስቲ ቀና በሉ። ከራሳችን በላይ ያለውን ይህን ሸራ እዩት። ማን ሰፋው? ቲጃኒ ነው። ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ፣ እዚሁ ከጀርባችን ባለው ሱቁ፣ በዚያ ጣት በሚበሳ መርፌ። ለእድሩ ከመስጠቱ በፊት እኛ ጓደኞቹ አብረነው ጫካ ስንወጣ የምናድርበት ድንኳን ነበር። ዛሬ የራሱን ለቅሶ አስጠለለበት። ዝናቡም ጀምሯል፤ ትሰሙታላችሁ? ገና ሰኔ ነው። ወንዙ ገና አልሞላም።

ቲጃኒን የወሰደው ወንዝ፣ ገና አልሞላም።

ከእሁድ ጀምሮ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ቲጃኒ ውሃ ይፈራ ነበር። አልደብቅለትም፣ እሱም አይደብቅም ነበር። ወንዝ ከደፈረሰ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎውን ይቆረጥማል። ስንቸኩልበት፣ "ወንዙ ሥራ አለው፤ እኛ የለንም" ይለናል። እስኪጎድል ይጠብቃል። ዕድሜውን ሙሉ ጠብቋል። ታዲያ እሁድ ለምን ገባ?

ቆዩ፣ እመጣበታለሁ።

ልጆች፣ ስለ ድሮው ዕቃችን ስናወራ ትስቃላችሁ። ሳቁ። እኔም እስቃለሁ። ይህ ሸራ ሲረጥብ የሚሸከመው ሰው አንገቱ ይጠፋል። ፋኖሱ ጋዙን ስኳራችን ላይ ይደፋ ነበር። የወታደር ብርድ ልብሱ ያሳክካል። በዚያ ላይ ድንኳኑ ያፈሳል፣ አሁንም ያፈሳል፣ ይኸው ሼኹ ትከሻ ላይ ጠብ እያለ ነው። ይቅርታ አባቴ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ።

ግን ቲጃኒ አንድ ሕግ ነበረው። ለማንም ሙሉ ቤት አያሸክምም። ለአንዱ ሸራውን፣ ለአንዱ ምሶሶውን፣ ለአንዱ ካስማውን፣ ለአንዱ ድስቱን፣ ለአንዱ ክብሪቱን። የቃጫ ገመዱን ለራሱ። ወንዝ ሲያጋጥመን ያንን ገመድ ከዛፍ ዛፍ ይወጥርና ይዘን እንሻገራለን።

አንድ ጊዜ ከፈይሳ ጋር ተጣላሁ። ያውና ጥግ ላይ የተቀመጠው፣ ዛሬ ሽበቱ ያስከበረው ፈይሳ። በምን ተጣላን? በስኳር! ስኳሩን ረስቶ መጥቶ። ተነሥቼ ወደ የቡ መንገድ ቁልቁል ሄድኩ። ዳግመኛ ከእናንተ ጋር ብሄድ ብዬም ማልኩ። ቲጃኒ አልሮጠልኝም፣ አልለመነኝም። ከኋላዬ ብቻ፣ "መምህር፣ ምሶሶው እኮ አንተ ትከሻ ላይ ነው" አለኝ።

ቆምኩ። ያለ እኔ የእነሱ ድንኳን አይቆምም። ያለ እነሱ ደግሞ እኔ ምሶሶ አቅፌ ላድር ነው። ምን አደርጋለሁ? ተመለስኩ። ከፈይሳ ጋር በአንድ ኩባያ ሻይ ጠጣን፣ ያውም ያለ ስኳር። እኔ የሚናፍቀኝ ሸራው አይደለም፤ ያ ክብደት ነው። ተኳርፈን እንኳ እንዳንለያይ ያደረገን እሱ ነበር።

ሌላም ሕግ ነበረው። ሁልጊዜ የሚሄደው ከሁላችን ኋላ ነው። ጭጋግ ሲወርድ ከኋላ ይጣራል፤ "ጅርቱ?" ይላል። ለአገሩ እንግዳ ለሆናችሁ፣ በኦሮምኛ "አላችሁ ወይ?" ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁላችንም ባለንበት እንቆማለን። ከፊት ጀምረን በየስማችን እንመልሳለን። "ፈይሳ፣ ጅራ!" "ፍሬአብ፣ ጅራ!" አለሁ፣ አለሁ እያልን እስከ መጨረሻው። አንድ ስም ከጎደለ ቲጃኒ የጎደለውን ሳያገኝ አይቀመጥም።

የእኔ ጉልበት ከዳኝ፣ ፈይሳም ደከመ። ቲጃኒ ከኮሌጁ ልጆች ጋር መሄዱን ቀጠለ። ደስ ይለው ነበር። በቅርቡ በኮሌጁ ቤተ ሙከራ የሚሠራው ቦና ከአዲስ አበባ አዲስ ቦርሳ ገዝቶ ሱቁ ድረስ አመጣለት። በፍቅር ነው ያመጣለት፣ ይታወቅልኝ። "ጋሼ፣ ወገብዎን ላሳርፍልዎ ብዬ ነው" አለው። ድንኳኑም፣ መኝታውም፣ ምድጃውም፣ ክብሪቱም፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ። ውሃ አያስገባም። ቲጃኒ በትንሿ ጣቱ አንጠለጠለው።

"ሱብሃነላህ! ቦና፣ ይሄ እኮ ያለ እኔም ይሄዳል" አለ።

ሳቅን። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። ዛሬ ያንን ሳቅ ሳስታውስ ይዘገንነኛል።

እሁድ ጠዋት ሲወጡ ገመዱን ሱቁ ግድግዳ ላይ ካለው ምስማር አወረደ። ልጆቹ፣ እነ ቦና፣ አቢጊያና ዋቅጅራ፣ "ይተዉት ጋሼ፣ ይከብድዎታል፤ ስልካችን ካርታ ላይ ድልድይ አለ" አሉት። እውነት ነው፣ ስልኩ ላይ ድልድይ አለ። ዛሬም አለ። ወንዙ ላይ ግን የለም፤ የአምናው ጎርፍ ወስዶታል። ቲጃኒም የልጆቹን ቃል አምኖ ገመዱን መልሶ ሰቀለው።

ሁሉም ቤቱን በጀርባው አዝሏል፤ ማን ማንን ይጠብቃል? ፈጣኑ በፍጥነቱ፣ ቀርፋፋው በቀርፋፋነቱ ሄደ። ልጆቹ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውሃው ትንሽ ነበር። ድንጋይ ረግጠው ተሻገሩ። ከዚያ ላይኛው ጋራ ላይ ዝናቡ ወረደ። ቲጃኒ ሲደርስ ውሃው ደፍርሶ፣ ማዶው በጭጋግ ተሸፍኗል። ቆመና ተጣራ። "ጅርቱ?"

የሰማችው ናርዲ ብቻ ናት። ናርዲ ዘንድሮ ከሀዋሳ የተመደበች መምህርት ናት። እዚህ ጅማ በየመንገዱ "አካም ጅርቱ?" ይሏታል፤ "ደህና" ብላ ማለፍ ለምዳለች። ሰላምታ መሰላት። "ደህና ነን ጋሼ!" ብላ መንገዷን ቀጠለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ለሰው ይነገርልኝ ብላ። ናርዲ ልጄ፣ ቀና በይ። ለሰላምታ የሚሰጠውን መልስ ነው የሰጠሽው። ጥያቄው ሌላ መሆኑን ማንም አልነገረሽም።

አሁን ግን በእሱ ጆሮ ስሙት። ውሃው ይጮሃል። ማዶው አይታይም። "ጅርቱ?" አለ። አንድ የሴት ድምፅ መጣ፤ ስም የለውም። ከዚያ ዝም። የቦና ስም አልመጣም። የአቢጊያ ስም አልመጣም። የዋቅጅራ ስም አልመጣም። እናንተ ብትሆኑ ልጆቹን ውሃ ወሰዳቸው አትሉም ነበር?

ጫማውን አወለቀ። ዳር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠው፤ እዚያው ነው የተገኘው። ከዚያ ያ ውሃ የሚፈራው ሰው ገባ። ለመሻገር አይደለም የገባው። ሊፈልጋችሁ ነው የገባው። እናንተ ማዶ፣ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ምድጃ፣ ሻይ ታፈሉ ነበር።

የየቡ ሰዎች ከቡና ማጠቢያው በታች መጀመሪያ ያገኙት ቦርሳውን ነው። ተንሳፍፎ መጣ። ሲከፍቱት ክብሪቱ እንኳ አልራሰም። እንዳለውም ያለ እሱ ሄደ። እሱን ያገኙት በማግስቱ ነው።

ቦና፣ አታልቅስ። ልወቅስህ አልቆምኩም። የቆምኩት ስለ ቅዳሜ ነው።

የእሱ ፎቶ ያለበት ካናቴራ አሳትማችኋል። ቅዳሜ እዚያው መሻገሪያ ላይ ድንጋይ ልታቆሙለት ነው አሉኝ። በእነዚያው ቦርሳዎች፣ በዚያው ስልክ፣ በዚህ ዝናብ። እሁድ የአንድ ከሰዓት ዝናብ ብቻ ነው ቲጃኒን የወሰደው። እስከ ቅዳሜ ድረስ እንዲህ ሲዘንብ ከሰነበተ ምን ይሆናል? ወንዙ ገና አልሞላም። ከኋላችሁ የሚጣራ ደግሞ የለም። ከእናንተ አንዱ ቢቀር ማን ያውቃል?

አትሂዱ። በእትዬ ዘይቡ እንባ ይዣችኋለሁ፣ አትሂዱ። መስከረም ይጥባ፣ ውሃው ይጉደል። ያን ጊዜ ይህን ሸራ ከእድሩ እንዋሳለን። ገመዱ አሁንም ምስማሩ ላይ ነው፣ የሱቁ ቁልፍ ለጢፋ ዘንድ አለ። ምሶሶውን እኔ እሸከማለሁ። በዚህ ጉልበቴ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ ትጠብቁኛላችሁ። ምን ታደርጋላችሁ፣ ምሶሶው እኔ ጋ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ቲጃኒ፣ ልሰናበትህ ነው። እሁድ ጠይቀህ መልስ አላገኘህም። ያለ መልስ አልሸኝህም።

ልጆች፣ ተነሡ። ተነሡ እንጂ። ባላችሁበት ቁሙ። በየስማችሁ መልሱለት።

ጅርቱ?

እሺ ቦና።... አቢጊያ።... ዋቅጅራ።... ናርዲ፣ አልሰማሁሽም ልጄ፣ ዝናቡ ነው፤ ጮክ በይ።... እንዲያ።

ሰማህ ቲጃኒ? ሁሉም አሉ። አላህ ይዘንልህ፣ ጀነትን ይስጥህ። ከአንተ በቀር ማንም አልጎደለም፤ ወንድሜ፣ አሁን ከውሃው ውጣ።